ጎንደርን ለሚጎበኝ ሰው፦ ከየትኛው ግንብ ይጀመር?

ጎንደር ደርሶ የተመለሰን ሰው ምን አየህ ብንለው መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «ፋሲል ግንብን» የሚል ነው። የነገሥታቱን ግቢ በሙሉ በአንድ ንጉሥ ስም መጥራት በከተማዋም የተለመደ ስለሆነ ስህተት አይባልም። ነገር ግን በአንድ አጥር ውስጥ የቆሙት ቤቶች የአንድ ንጉሥ ሥራ አይደሉም። ከአፄ ፋሲለደስ እስከ እቴጌ ምንትዋብ ድረስ አንድ መቶ ዓመት ገደማ አለ። በዚያ ሁሉ ጊዜ የነገሠው ሰው አባቱ በሠራው ቤት ብቻ አልተቀመጠም፤ አጠገቡ የራሱን ጨመረ። ግቢው በግማሽ ቀን ተሮጦ ሲታይ «አንድ ትልቅ ግንብና ብዙ ፍርስራሽ» መስሎ የሚቀረው ይህ ቅደም ተከተል ስለሚጠፋ ነው። በተሠራበት ተራ ሲታይ ግን እያንዳንዱ ግድግዳ የትኛው ትውልድ እንደሆነ ራሱ ይናገራል።

ከሁሉ በፊት የዓመታቱን ነገር እናጥራ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደናገራል። አስጎብኚው «ጎንደር በ1628 ተቆረቆረች» ይላል፣ በእጅ የያዙት ጽሑፍ ደግሞ 1636 ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። የመጀመሪያው በእኛ አቆጣጠር፣ ሁለተኛው በአውሮፓውያን ነው። ከዚህ በታች የነገሥታቱና የታሪኩ ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) የተጻፉ ናቸው፤ ወደ እኛ ለመመለስ ሰባት ወይም ስምንት ይቀንሱ። የበዓላቱ ቀኖች ግን በእኛው ናቸው።

የነገሥታቱ ተራ እንዲህ ነው። ፋሲለደስ ከ1632 እስከ 1667፣ ልጃቸው ቀዳማዊ ዮሐንስ እስከ 1682፣ ቀዳማዊ ኢያሱ (አድያም ሰገድ) እስከ 1706 ነገሡ። ከዚያ ዙፋኑ በአጭር በአጭር ጊዜ እየተቀያየረ ቆይቶ ሣልሳዊ ዳዊት ከ1716 እስከ 1721፣ በካፋ ከ1721 እስከ 1730 ነገሡ። ቀጥሎ የበካፋና የምንትዋብ ልጅ ዳግማዊ ኢያሱ በሕፃንነታቸው ዙፋን ላይ ሲወጡ እናታቸው ዘውድ ጭነው አብረው ገዙ። ይህን ዝርዝር በስልክ ላይ ጽፎ የገባ ሰው ጉብኝቱ በግማሽ ይቀልለታል።

ለምን ጎንደር?

ከጎንደር በፊት የነበሩት ነገሥታት መናገሻቸው ድንኳን ነበር ማለት ይቻላል። በበጋ ይዘምታሉ፣ ክረምት ሲገባ በአንድ ቦታ ይከርማሉ፣ እንጨቱና ሣሩ ሲያልቅ ሰፈሩ ይነሣል። በድንጋይ መሥራት የተጀመረው ግን በፋሲለደስ አይደለም። አፄ ሠርፀ ድንግል እንፍራንዝ አጠገብ ጉዛራን፣ የፋሲለደስ አባት አፄ ሱስንዮስ ደግሞ በደንቀዝና በጎርጎራ ግንብ አስገንብተዋል። ፋሲለደስ ያደረጉት አዲስ ነገር በአንድ ቦታ መርጋት ነው። የመረጡት ቦታ በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ያለ ከፍታ ነው፤ ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነ ወባ ካለበት ቆላ የራቀ፣ ውሃው በሁለት በኩል፣ ወደ ምፅዋና ወደ ሱዳን የሚሄዱት የነጋዴ መንገዶችም የሚደርሱበት።

አንድ የቆየ አባባል ደግሞ እናስተካክል፤ «ግንቡን ፖርቱጋሎች ሠሩት» የሚለውን። ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን ትልቅ ተሰሚነት ያገኙት በሱስንዮስ ዘመን ነው። ሱስንዮስ ካቶሊክ በመሆናቸው ሕዝቡ ተነሥቶ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1632 መንግሥቱን ለልጃቸው ለቀቁ። ፋሲለደስ ሃይማኖቱን መልሰው ኢየሱሳውያኑን ያባረሩት ገና በነገሡባቸው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። ከተማዋ የተቆረቆረችው ከዚያ በኋላ ነው። ሚስዮናውያኑ ያስለመዱት የአሠራር ዘዴ አልቀረም ማለት ያስኬዳል፣ በግንቡ ላይ የሕንድና የዐረብ አሻራም ይታያል፤ ነገር ግን ያሠሩት የሀገሩ ንጉሥ ናቸው፤ ድንጋይ የጠረቡትና እንጨት ያዋደዱት ደግሞ በአብዛኛው የሀገሩ እጆች ናቸው። ከእነዚህ መካከል ቤተ እስራኤላውያን ግንበኞች፣ አናጢዎችና ቀጥቃጮች ትልቅ ድርሻ አላቸው። ይህን ሳይናገር የሚያልፍ አስጎብኚ ካጋጠመዎ ይጠይቁት።

ድንጋዩን የያዘው ኖራ ነው

ግድግዳው ፊት ሲቆሙ ከሩቅ ሳይሆን አንድ ክንድ ያህል ቀርበው ይዩ። ቡናማው ድንጋይ ባዝልት ነው፤ ጠንካራ፣ ለመጥረብ አስቸጋሪ። ስለዚህ ግንበኛው እያንዳንዱን ድንጋይ አራት ማዕዘን አላደረገውም፤ እንዳገኘው ደርድሮ በመካከሉ ያለውን ክፍተት በትናንሽ ስብርባሪና በኖራ ሞላው። ቅርጽ በሚፈለግበት ቦታ፣ በበርና በመስኮት ቅስት ላይ፣ ለመጥረብ የሚመች ለስላሳ ድንጋይ ተጠቅሟል። በምንትዋብ ዘመን ይህ ለስላሳ ድንጋይ ቀይ ነው፤ በግቢው ውስጥ ባለው ቤታቸውና በቁስቋም የተቀረጹት መስቀሎች በእርሱ የተሠሩ ናቸው። ቀይ ቅርጽ ያለበት ግድግዳ ካዩ ዘመኑን ለመገመት ሰው መጠየቅ አያስፈልግም።

ኖራ የሚሠራው የኖራ ድንጋይ በእሳት ተቃጥሎ፣ በውሃ ፈልቶ፣ ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ ነው። እንደ ሲሚንቶ በአንድ ቀን አይደርቅም፤ ከአየር ጋር እየተገናኘ በወራትና በዓመታት ቀስ ብሎ ይጠነክራል። ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፦ ኖራ ይተነፍሳል። የክረምቱ ዝናብ ግድግዳው ውስጥ ቢገባ በበጋ በመጋጠሚያው በኩል ይወጣል፣ ግድግዳው ትንሽ ቢንቀሳቀስም ኖራው አብሮ ይላወሳል። ሲሚንቶ ግን ድርቅ ያለ ነው፤ እርጥበቱን ያፍነዋል፣ የታፈነው ውሃ ደግሞ አሮጌውን ኖራ ያሟሟዋል፣ ለስላሳውንም ድንጋይ ይልጠዋል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ አንዳንዶቹ ግንቦች በሲሚንቶና በአርማታ ተጠግነው ነበር። በ1970ዎቹ በተደረገው ጥገና አብዛኛው ተነሥቶ በኖራ የተተካው በዚህ ምክንያት ነው። በቅርብ ጊዜም ግቢው ሰፊ ጥገና ተደርጎለታል። ስለዚህ በግድግዳ ላይ ነጣ ያለ አዲስ መጋጠሚያ ሲያዩ «አበላሹት» ለማለት አይቸኩሉ፤ ኖራ ከሆነ ትክክለኛው መድኃኒት እርሱ ነው።

ሌላው የግንብ ጠላት ዘር ነው። ወፍ የጣለችው የዋርካ ፍሬ በስንጥቅ ውስጥ ይበቅላል፣ ሥሩም እንደ ሽብልቅ ድንጋዩን ይፈለቅቃል። በግድግዳ ላይ የበቀለ ችግኝ ሲታይ ለምን ወዲያው እንደሚነቀል ከዚህ ይገባል። ሥሩ ካደገ በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ይህን በመዋኛው ስንደርስ እናየዋለን።

ግቢው ውስጥ

አጥሩ 900 ሜትር ያህል ይረዝማል፣ ወደ 7 ሄክታር የሚጠጋ ቦታ ይከብባል። በውስጡ ከግንቦቹ በተጨማሪ ሦስት አብያተ ክርስቲያናት አሉ፦ አጣጣሚ ሚካኤል፣ ግምጃ ቤት ማርያምና እልፍኝ ጊዮርጊስ። በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው ግን ይህ ግቢ ብቻ አይደለም፤ መዋኛው፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ቁስቋም፣ ከከተማው ውጭ ያለው ጉዛራም ጭምር በአንድነት ተመዝግበዋል። ብዙ ሰው ግቢውን አይቶ «ቅርሱን አየሁ» ብሎ ይመለሳል፤ ያየው ግማሹን ነው።

ከፋሲለደስ ግንብ ይጀምሩ። አራት ማዕዘን ነው፣ በየማዕዘኑ ክብ ማማ አለው፣ ማማዎቹም የእንቁላል ግማሽ የመሰለ ጉልላት ደፍተዋል። ቁመቱ 32 ሜትር ያህል ነው። ምድር ቤቱ አዳራሽና የእንግዳ መቀበያ ነበር፤ ከበሮቹ በላይ ያለው ባለስድስት ጫፍ ኮከብ የሰሎሞን ዘር ነን የሚሉት ነገሥታት ምልክት ነው። ላይኛው ፎቅ ሁልጊዜ ለጎብኚ ክፍት ላይሆን ይችላል፤ ሲከፈት ሳይወጡ አይቅሩ። ከዚያ ሆነው ከተማዋን በአራቱም አቅጣጫ ሲያዩ ንጉሡ ቦታውን ለምን እንደመረጡ ያለ ተርጓሚ ይገባዎታል።

ቀጥለው ወደ ዮሐንስ ቤቶች ይሂዱ። ዮሐንስ የጦር ሰው ከመሆን ይልቅ የመጽሐፍ ሰው ነበሩ፤ የጨመሩት የመጻሕፍት ቤትና የጽሕፈት ቤት መሆኑ ይህን ይመስላል። ከዚያ የኢያሱ ግንብ። ጣሪያው በኮርቻ የተመሰለው ይህ ነው፤ በዘመኑ ውስጡ በዝሆን ጥርስ፣ በመስታወትና በወርቅ ቅብ ያጌጠ ነበር ይባላል። ዛሬ ግን ጣሪያና ወለል የለውም፤ በባዶው መስኮት ሰማይ ይታያል። ጥፋቱ ከሁለት በኩል መጣ፦ አንደኛው የ1704ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ሁለተኛው ጣሊያኖች ግቢውን ይዘው ሳለ በ1941 እንግሊዞች ከአየር የጣሉት ቦምብ። አጠገቡ ዝቅ ያለች ጉልላታማ ቤት አለች፤ የእንፋሎት መታጠቢያ ናት፣ ሰው ሳያያት ያልፋል።

የዳዊት ቤት የመዝሙርና የዘፈን አዳራሽ ነው። የበካፋ ደግሞ ረጅሙ የግብር (የግብዣ) አዳራሽና የፈረስ ጋጣው ነው። መጨረሻ ላይ የምንትዋብ ቤት። ከፋሲለደስ ግንብ ጋር በዓይንዎ ያስተያዩት፦ ያኛው ምሽግ ነው፣ ይኼኛው ጌጠኛ የመኖሪያ ቤት ነው። በመቶ ዓመት ውስጥ የጎንደር መንግሥት ከመከላከል ወደ መንፈላሰስ እንዴት እንደተሸጋገረ ሁለቱ ግድግዳዎች ከማንኛውም መጽሐፍ በተሻለ ያሳያሉ ብለን እናምናለን።

የአንበሳውን ቤት ለልጆች ያሳዩ። ከዚያ ግን አብዛኛው ጎብኚ የሚዘለውን ነገር ያድርጉ፤ አጥሩን ተከትለው በሮቹን ይቁጠሩ። አሥራ ሁለት ናቸው፣ ስማቸውም የቤተ መንግሥቱን ሥራ አከፋፈል ይዘረዝራል። በፊት በር ወይም በጃን ተከል በር አዋጅ ይነገርበት ወደነበረው አደባባይ ይወጣል። ወንበር በር የዳኞቹ ነው፤ ወንበር ሲባል የፍርድ ወንበር ነው። ተዝካሮ በር የሙታን ተዝካር የሚወጣበት ነው። አደናግር በር የፈታዮቹ፣ እምቢልታ በር የነፊዎቹ፣ ባልደራስ በር የፈረሰኛው አለቃ፣ ቋሊ በር የእቴጌዋ አጃቢዎች ነው። እልፍኝ በር ወደ ንጉሡ የግል ክፍል ያስገባል። እርግብ በር የስጦታ መግቢያ ነበር፣ ቀጭን አሸዋ በርም ይሉታል። ራስ በር፣ የአዛዥ ጥቁሬ በርና በምንትዋብ እናት የተሰየመው እንኮዬ በር ቀሪዎቹ ናቸው። ከዚህ ዝርዝር ማን በየት ይገባ እንደነበር ይታያል፤ ማዕረግ ማለት በየትኛው በር ትገባለህ ማለት ነበር።

መዋኛውና ጥምቀት

ከግቢው ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ቀሃ ወንዝ አጠገብ የፋሲለደስ መዋኛ አለ። ከፒያሳ በባጃጅ ጥቂት ደቂቃ ነው። የግቢው ቲኬት ለመዋኛውም ያገለግል እንደሆነ ሲቆርጡ ይጠይቁ፣ ወረቀቱንም አይጣሉት። ገንዳው ርዝመቱ 50 ሜትር፣ ስፋቱ 30 ሜትር ገደማ ነው። በመካከሉ በድንጋይ ቅስት ድልድይ የሚገባበት ባለፎቅ ቤት ቆሟል። የዋርካው ነገር እዚህ ነው፦ በአጥሩ ላይ የበቀሉት ዛፎች ሥራቸው እንደ እባብ ተጠላልፎ ድንጋዩን ጨብጦታል። ሲበቅሉ ግድግዳውን የጎዱት እነርሱ ናቸው፤ ዛሬ ግን ቢነቀሉ ግድግዳው አብሮ ይወድቃል፤ ድሮ ተሸካሚው ግድግዳው ነበር፣ ዛሬ ዛፉ ነው። በቅርብ ርቀት የፋሲለደስ ፈረስ የዞብል መቃብር ነው የሚባል ትንሽ ቤት አለ።

በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ ገንዳው ባዶ ነው። ይህን ሳያውቅ መጥቶ ቅር የሚለው እንግዳ ብዙ ነው። የሚሞላው ለጥምቀት ነው። የዋዜማው ስም «ከተራ» የተባለው ውሃ መከተር፣ መገደብ ከሚለው ቃል ነው፤ በጎንደር ቃሉ በአካል ይታያል፣ የቀሃ ውሃ በቦይ ተጠልፎ ከበዓሉ ሳምንታት ቀደም ብሎ ወደ ገንዳው መግባት ይጀምራልና።

የበዓሉ አካሄድ ይህ ነው። ጥር 10 ከሰዓት በኋላ ታቦታቱ ከየደብራቸው ወጥተው፣ ካህናቱ በወረብ፣ ወጣቱ በሆታና በጭፈራ እያጀቧቸው ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ይወርዳሉ። ሌሊቱን እዚያ ያድራሉ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ማኅሌቱና ቅዳሴው ይቀጥላል። ጥር 11 ሲነጋ ውሃው ተባርኮ ሕዝቡ ላይ ይረጫል፤ ከዚያ ወጣቶች ወደ ገንዳው ይወረወራሉ። በዚያው ቀን አብዛኞቹ ታቦታት ወደ ደብራቸው ይመለሳሉ፣ ሚካኤል ግን አድሮ ጥር 12 በቃና ዘገሊላ ይገባል። ጥምቀት በ2019 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ ትኬት የምትቆርጡ ይህን ልብ በሉ፦ ጥር 11 ብዙ ጊዜ ከጃንዋሪ 19 ጋር ይገጥማል፤ ጳጉሜን ስድስት ሆና ባለፈችበት ማግሥት በሚገባው ዘመነ ዮሐንስ ግን ጃንዋሪ 20 ነው። በአንድ ቀን ስህተት ከተራው የሚያመልጠው ሰው በየአራት ዓመቱ ይገኛል። ሆቴል ከወራት በፊት ካልተያዘ አይገኝም። ከቻላችሁ ጥር 6 ግቡ፤ ጥር 7 የሥላሴ ክብረ በዓል በደብረ ብርሃን ስለሆነ ሁለቱን በአንድ ጉዞ ታገኛላችሁ።

በጥምቀት ሌሊት የጎንደር ብርድ ከባድ ነው፤ ጋቢ ያስፈልጋል። ጥሩ ቦታ የሚያገኘው ከሌሊቱ 9 ሰዓት በፊት የደረሰ ነው። ነጭ ልብስና ነጠላ ይልበሱ፤ ለፎቶ ማማር ሳይሆን ለበዓሉ ክብር ነው። ስልክዎን በፕላስቲክ ይጠቅልሉ፣ ገንዘብና ፓስፖርት ሆቴል ይተዉ። ከእንጨት ለጊዜው የተሠራ ከፍ ያለ መቀመጫ ላይ ግን ሰው ሲበዛበት አይውጡ፤ በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት በዚሁ ስፍራ እንዲህ ያለ መቀመጫ ተደርምሶ ሰዎች ሞተዋል። መሬት ላይ ቆሞ ትንሽ ማየት ይሻላል። ዋና የማይችል ሰውም ሌሎች ዘለው ገቡ ብሎ አይዝለል፤ የገንዳው ጠርዝ ድንጋይ እርጥብ ሲሆን ያንሸራትታል፣ ከላይ የሚወረወረውም ሰው በታች ያለውን አያይም።

የዝማሬውን ነገር ለመረዳት ለሚፈልግ አንድ ምክር አለን። ጎንደር የአቋቋም ሀገር ናት፤ አቋቋም ማለት ካህናቱ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው፣ ከበሮ እየተመታ የሚያቀርቡት ሥርዓት ነው። ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉ ሁለት ስልቶች አሉት፣ በአታ ለማርያም የሚታወቀውም በዚሁ ትምህርት ነው። በወረቡ ጊዜ የመቋሚያውን አነሣስና የእግሩን አረጋገጥ ይከታተሉ፤ ቀስ ብሎ ተጀምሮ እንዴት እየፈጠነ እንደሚሄድ ያያሉ።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ

ከሁሉም አብያተ ክርስቲያናት አንዱን ብቻ ለማየት ጊዜ ያለው ሰው ይህን ይምረጥ። የተመሠረተው በቀዳማዊ ኢያሱ ነው። በአጥሩ ላይ ያሉት አሥራ ሁለት ማማዎች የሐዋርያት ምሳሌ ናቸው፣ መግቢያው በር ደግሞ የጌታ፤ በሩ በአንበሳ የተመሰለው ስለዚህ ነው። ውስጥ ሲገቡ ጣሪያው በረድፍ በረድፍ በመላእክት ፊት ተሞልቷል። ክንፍ ያለው ፊት ብቻ ነው፣ አካል የለውም፤ ዓይኖቹ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ስለሚያዩ የትም ቢቆሙ የሚያይዎ አለ። በግድግዳው ላይ ፈረሰኞቹ ቅዱሳን፣ የጌታና የእመቤታችን ታሪክ፣ ወደ መቅደሱ በሚያስገባው ግድግዳ ሥላሴና ስቅለት ተሥለዋል።

ሥዕሉ በቀጥታ ግድግዳ ላይ የተሣለ አይደለም፤ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥሎ የተለጠፈ ነው። ትልቁ ጠላቱ ከጣሪያ የሚፈስ ውሃ ነው፤ በጣሪያው ላይ ፊታቸው የጠፋ መላእክት ካዩ ውሃ የደረሰበት ቦታ ነው። ፍላሽ የሚከለከለውም ለደንብ ብቻ አይደለም፤ ብርሃን ቀለሙን ያነጣዋል። ስለ ጎንደር ሥዕል ትንሽ ማወቅ ደግሞ ዓይንን ይከፍታል። በመጀመሪያው ስልት መደቡ አንድ ወጥ ቀለም ነው፣ የልብሱ እጥፋት በትይዩ መስመር ይሠመራል። ከምንትዋብ ዘመን ወዲህ በመጣው ሁለተኛው ስልት ፊትና እጅ ጥላ ያገኛሉ፣ ልብሱም የአበባ ጌጥ ያለው ጥለት ይሆናል።

ይህ ቤተ ክርስቲያን ዛሬ መቆሙ ብቻውን ተአምር የሚባል ነው። አፄ ቴዎድሮስ በ1866 ጎንደርን አቃጠሉ፣ የአብያተ ክርስቲያናቱንም መጻሕፍት ወሰዱ። በ1888 ድርቡሾች ገብተው የቀረውን አነደዱ። አርባ አራት ታቦት የነበራት ከተማ ካጣቻቸው አድባራት መካከል ሥላሴ ተርፏል፤ ሕዝቡ የንብ መንጋ ወጥቶ ወራሪውን አባረረ ብሎ ይናገራል። ዛሬ ዙሪያውን የምናያቸው ብዙዎቹ አብያተ ክርስቲያናት ከዚያ በኋላ የተሠሩ መሆናቸውን ያስታውሱ።

ጫማ ማውለቅ፣ ለወንድም ለሴትም በተለየው በር መግባት፣ በቅዳሴ ሰዓት አለመግባት ግዴታ ነው። እሑድ ጠዋትና በዓል ቀን ለጉብኝት አይሆንም፤ በሌላ ቀንም ቀትር ላይ ስለሚዘጋ ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ወይም ከ9 ሰዓት በኋላ ይሂዱ።

ቁስቋም

ከከተማው በላይ በተራራው ጎን ያለው ቁስቋም ጸጥታ ለሚወድ ሰው ነው። ምንትዋብ በ1730ዎቹ ያሠሩት ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ስሙ ቅድስት ቤተሰብ ካረፈችበት ከግብፁ ደብረ ቁስቋም የተወሰደ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር በገባ ጊዜ የተቀመጠው እዚህ ነበር። የእቴጌዋ፣ የልጃቸው የዳግማዊ ኢያሱና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ አፅም እዚህ ተጠብቆ ይገኛል። ግድግዳው ላይ ቀዩን መስቀል ይፈልጉ፤ በግቢው ካዩት ጋር አንድ እጅ የሠራው ይመስላል። ክብረ በዓሉ ኅዳር 6 ነው።

ከከተማው ወጣ ሲሉ

በደባርቅ መንገድ ጥቂት እንደወጡ ወለቃ ይገኛል፤ የቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎችና ቀጥቃጮች መንደር የነበረ። አብዛኛው ነዋሪ ወደ እስራኤል ሄዷል፤ ሸክላው ግን አሁንም ይሸጣል። ጎርጎራ በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ ነው፤ የሱስንዮስን ፍርስራሽና ደብረ ሲና ማርያምን ለማየት ሙሉ ቀን ይስጡት።

ስሜን ተራሮች ግን በአንድ ቀን ለማየት የሚሞክሩት ብዙ ቢሆኑም ቢያንስ ሁለት ሌሊት ይገባዋል። ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እዚያ በፓርኩ ጽሕፈት ቤት መመዝገብ፣ መክፈልና መሣሪያ የያዘ ስካውት መውሰድ ያስፈልጋል፤ ይህን ጽሕፈት ቤቱ ሳይዘጋ ለመጨረስ ከጎንደር ከጠዋቱ 12 ሰዓት በፊት መነሣት ነው። የመጀመሪያው ሰፈር ሳንቃበር 3,250 ሜትር፣ ጨነቅ 3,600 ሜትር አካባቢ ነው። ከጎንደር ተነሥቶ በአንድ ቀን ጨነቅ ያደረ ሰው ራሱን ቢያመውና እንቅልፍ ቢያጣ የሚገርም አይደለም፤ አንዱን ሌሊት ሳንቃበር ማደርና ውሃ መጠጣት ይረዳል። ራስ ምታቱ ከማስታወክ ጋር ከመጣ መድኃኒቱ መውረድ ብቻ ነው። ጭላዳዎቹ ሣር በሊታ ናቸው፤ ደረታቸው ላይ ቀይ ምልክት አለ፤ ብዙም አይፈሩም፤ ምግብ መስጠት ግን ክልክል ነው፤ የለመዱት እንደሆነ ወደ ገበሬው ማሳ ይወርዳሉና። ዋልያን ለማየት ጨነቅ አካባቢ ገደሉን በማለዳ መቃኘት ያዋጣል። በሐምሌና በነሐሴ ጉሙ ምንም አያሳይም፤ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ደግሞ አረንጓዴውም ጥራቱም አብሮ ይገኛል።

ከአዲስ አበባ በየብስ በባሕር ዳር በኩል ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ከባሕር ዳር 180 ገደማ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በቆየው ግጭት ምክንያት መንገድ የሚዘጋበት ቀን ስላለ በመኪና ለመሄድ ያሰበ ሰው ከመነሣቱ በፊት በነበረው ቀን እዚያው ያለ ዘመድ ወይም ሆቴል ደውሎ ይጠይቅ፤ የሳምንት በፊት መረጃ አይጠቅምም። በአውሮፕላን የሚሄድ አዘዞ ያርፋል፤ ከዚያ ወደ ከተማው በታክሲ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው፤ ዋጋውን ከመግባት በፊት መነጋገር ይሻላል። አስጎብኚ ሲይዙ መታወቂያውን ይዩ፤ ስንት ቦታ እንደሚያሳይና ስንት ሰዓት እንደሚቆይ አስቀድመው ይስማሙ፤ አለመግባባቱ ሁሉ የሚመጣው ይህ ሳይነገር ሲቀር ነው።

መንገዱ ሰላም ሆኖ በመኪና ወደ ባሕር ዳር የሚመለስ ሰው እንፍራንዝ ላይ ወርዶ ጉዛራን ይይ። ጎንደር ከመቆርቆሯ በፊት፣ በ1500ዎቹ መጨረሻ አፄ ሠርፀ ድንግል ያሠሩት ነው። ጣናን ቁልቁል በሚያይ ኮረብታ ላይ ብቻውን ቆሟል። ዳገቱ አጭር ቢሆንም ጠጠራማ ስለሆነ ጥሩ ጫማ ይፈልጋል። በጎንደር ሁለት ቀን ማማውን፣ ጉልላቱንና የኖራውን መጋጠሚያ ሲመለከት የቆየ ዓይን እዚህ ሲደርስ ያን ሁሉ መጀመሪያ ላይ፣ ገና ሲሞከር ያየዋል።